አራት ነጭ ነጥቦች

ማክሰኞ፣ የካቲት 9 ቀን

ለልጄ፣ ለባለ ቀለሟ፣

እንደምን አለሽልኝ? «እኛ ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ስል እናትሽ ከጀርባዬ ቆማ «እሱን ተወውና እውነቱን ጻፍ» አለችኝ። ብርድ ሲሆን እግሯን ይጠዘጥዛታል። ምርኩዟን ግን ከመደገፊያነት ይልቅ እኔን ማስፈራሪያ አድርጋዋለች። አምስት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ያልጻፈ አባት ዛሬ ምን ነካው ትይ ይሆናል። ታገሺኝ፣ እነግርሻለሁ።

ያቺ አሮጌ መኪናችን የኋላ ግራ ጎማዋ ወጥቶ ከግንብ ጋር ከተላተመችና የእናትሽን እግር ከሰበረች ወዲህ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ነው ያለችው። ያን ቀን ጎማውን ከሚያዞረው ብረት፣ ከነአክስሉ ወደ ውስጥ ገፍተን፣ ጎትተን አመጣናት። ፈትቼ አላየሁም። ምን አያለሁ? ከአደጋው በፊት ስንጠግናት መጨረሻ ላይ ያሰርሽው አንቺ ነበርሽ። «የአክስሉን ዳዶዎች ሳታጠብቂ ትተሽ ነው» አልኩሽ። «አጥብቄያለሁ አባዬ» አልሽ። እኔ ግን ጋራዥ ሙሉ ደንበኛ ፊት «ድሮም እጅ የለሽም» አልኩሽ። በሳምንቱ ሻንጣሽን ይዘሽ ወጣሽ።

ባለፈው ሳምንት እናትሽ «ወይ ጠግናት፣ ወይ ከዓይኔ አርቅልኝ» ስትለኝ በክሪክ አነሳኋት። የፍሬኑ ታምቡር በዝገት ተጣብቆ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አክስሉን የሚያስሩት አራቱ ዳዶዎች ከነጭራሹ አይታዩም፣ ጭቃና ግራሶ ደርቆባቸዋል። በሽቦ ብሩሽ ስፍቃቸው መጀመሪያ ብቅ ያለው ነጭ ቀለም ነው። አራቱም ላይ።

ያ አመልሽ ትዝ አለኝ። ያጠበቅሽውን ዳዶ ሁሉ በነጭ ቀለም ነካ ታደርጊው ነበር። «ይቺ ልጅ ጥፍር ቀቢ ናት ወይስ መካኒክ?» እያልኩ ሰው አስቅብሽ ነበር። ቀለሙ ከዳዶው አልፎ እስከ ማሰሪያው ብረት የተሰመረ ነው፣ መስመሩም አልተቆረጠም። አንዱም ዳዶ ንቅንቅ አላለም ማለት ነው። ቁልፌን በቧንቧ አስረዝሜ፣ ላብ በላብ ሆኜ ነው የፈታኋቸው።

አክስሉ ግን እንቢ አለ። ዘይት አርከፍክፌ አሳደርኩት። በማግስቱ እየመታሁ ስስበው ወጣ፣ ብቻውን። የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አብሮት መውጣት ሲገባው ውስጥ ቀረ። ኩሽኔታውን ከአክስሉ ጋር አንቃ የምትይዘው ቀለበት ለቃለች፤ ጎማውን ያስወጣችው እሷ ናት። አንዴ የወጣች ቀለበት ተመልሳ አትገጠምም ብዬ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ከአደጋው በፊት ስንጠግናት ግን አዲሷ እስክትመጣ መጠበቅ ሰለቸኝና አሮጌዋን በእሳት አግዬ፣ መትቼ አስገባኋት። ከዚያ «በይ እሰሪው» ብዬ ሰጠሁሽ። አንቺ ድርሻሽን በደንብ ሠርተሻል።

ቀለበቷን በእጄ ይዤ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ምን እደብቅሻለሁ፣ አለቀስኩ። ገብቼ ለእናትሽ «እኔ ነኝ» አልኳት። «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለእሷ ንገራት» አለችኝ።

በድዬሻለሁ ልጄ። ይቅር በይኝ። ሰው ፊት እንዳዋረድኩሽ ሰው ፊት እያነሳሁሽ ነው፤ ያን ቀን ከነበሩት ያገኘሁትን ሁሉ ጥፋቱ የእኔ ነው እያልኩ ነው። ያ ታክሲ ነጂ ደንበኛችን «እኔ እኮ ያኔም ጠርጥሬህ ነበር» አለኝ። ዋጥ አደረግኳት።

አሁን አዲስ ኩሽኔታ ከአዲስ ቀለበት ጋር ገጥሜ አራቱንም ዳዶዎች አጥብቄያለሁ። የቀለም ቆርቆሮሽ እዚያው መደርደሪያው ላይ ካስቀመጥሽበት አለ። ከፈትኩት፣ ደርቋል። አዲስ አምጥቼ ከጎኑ አስቀምጫለሁ፣ እኔ ግን አልነካውም። መኪናዋ ትነሳለች። እናትሽ ግን ባለ ቀለሟ መጥታ ነጥቧን ካላደረገች አልሳፈርም ብላ፣ መኪናዋ እንዳትወጣ ምርኩዟን ደጁ ላይ አጋድማለች።

ባለሽበት ሰላም ሁኚልኝ። እጅሽ ይባረክ።

አባትሽ