የካሴቱ መክፈቻ ዘፈንና የቡና መፈልፈያው

ጀዋር፣

ባንዱ ለቀረጻ ወደ አዲስ አበባ ሄዷል።
ጣሪያው በአልጋህ በኩል ማፍሰስ ስለጀመረ ባልዲውን አታንሳው።

የካሴቱን መክፈቻ ዘፈን ትናንት ያላንተ ሠራነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ለመለማመድ የጎረቤታችን የቡና መፈልፈያ እስኪቆም ስንጠብቅ ኖረናል። አንተ ተቆጥተህ ስትወጣ ግን ድራሙን የሚመታ ስለጠፋ በሞተሩ ምት ተጫወትን። አማረ። ሞተሩ እንደ አንተ አይቸኩልም፤ አያኮርፍምም።

ችግሩ፣ ዘፈኑ ሲያልቅ አያቆምም። አንተ አገጬን ቀና ሳደርግ ታቆማለህ። ደግሞ መፈልፈያ ስቱዲዮ አይገባም።

ስለተባባልነው ነገር እዚህ አልጽፍም።

ነገ ጠዋት ከሚዛን ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ አለ። ስትወጣ ቁልፉን ለባለሱቋ ለረቢያ ስጣት።

ድራምህን አይሱዙው ላይ ጭነነዋል። ስቲኮቹን ጠረጴዛው ላይ ትቻቸዋለሁ።
ሌላ ሰው እንዲመታባቸው አልፈለግሁም።

ዓባይነህ