እሁድ የማይሸጥ ፀሐይ

ሰኞ፣ ማርች 4
የኢነርጂ ሚኒስቴሩ ፎቶኮፒ ዛሬም ወረቀት ጎርሶ ቀረ። የሕግ ረቂቁን ለአስራ አራተኛ ጊዜ አተምኩ። ጣራው ላይ ሶላር ያለው ሰው የተረፈውን መብራት ለመብራት ድርጅቱ ይሸጣል፤ በቃ፣ ይኸው ነው። አስራ አንድ ዓመት። አራት ሚኒስትር። የመጀመሪያው "ግሩም ሐሳብ ነው" ብሎ ከሥልጣን ተነሳ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ሳያነበው ተነሳ።
በሚቀጥለው ሳምንት አርብ ካቢኔ ይገባል። ጁን መጨረሻ ጡረታ እወጣለሁ። አሁን ካላለፈ... ማን ያነሳዋል? ማንም። ደሴታችን ቶንጋ ለመብራቷ የናፍጣ መርከብ ስትጠብቅ ትኖራለች።

ረቡዕ፣ ማርች 6
ቴቪታ ከሕግ ክፍል መጣ። በር ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። ደግ ወሬ ሲይዝ አይጠርግም።
"እትዬ ሉሴአኔ... እሁድስ?"
"እሁድ ምን?"
"ሶላሩ እሁድም ይሸጣል እኮ።"
ሕገ መንግሥታችን እሁድ መነገድን ይከለክላል። እሁድ የተፈረመ ውል እንኳ ውል አይደለም።
"የምትሠራው ፀሐይዋ ናት፤ ሰውየው ቤተ ክርስቲያን ነው" አልኩት።
"ገንዘቡ ግን ለሰውየው ነው የሚገባው።"
ከሦስት አገር ባለሙያ አስመጥተን አስገምግመናል። እነሱስ ይሁን፣ የእኛን እሁድ ከየት ያውቁታል? እኔ ግን በየእሁዱ ሁለት ጊዜ የቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ላይ የምቀመጥ ሴትዮ... ምን ነካኝ? አፈርኩ።

ሐሙስ፣ ማርች 7
ሚኒስትሩ ጋ ገባሁ።
"እሁድ እንዲጠፋ አድርጉት።"
"ፀሐይዋን፣ ክቡር ሚኒስትር?"
"ሶላሩን!"
"ቅዳሜ ማጥፋቱን ቢረሱስ? እሁድ መሰላል መውጣት ሥራ ነው።"
አሰበበት። "እንግዲያው ረቂቁ ይቆይ።"
ይቆይ። ይህን ቃል አውቀዋለሁ።

እሁድ፣ ማርች 10
ምሳ እማማ ቫሲቲ ጋ። ጎረቤቴ ናቸው፣ የሚኒስትሩ አባት ታላቅ እህት። በእኛ ዘንድ የአባት እህት ከተናገረች አለቀ፤ ሚኒስትርም ቢሆን እፊቷ መሬት ላይ ይቀመጣል። በጋለ ድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ የበሰለውን፣ በጎደሬ ቅጠል የተጠቀለለ ሥጋ እየበላን ነገርኳቸው። ልነግራቸው አላሰብኩም ነበር። እንባዬ መጣ... በዚህ ዕድሜዬ፣ ለኤሌክትሪክ!
እሳቸው ማኘካቸውን አላቋረጡም።
"ይህን ሰሃን ለፓስተሩ ቤት ስልክ፣ ሸጠች ይሉኛል?"
"አይሉም።"
"ታዲያ እሁድ እሁድ አትሽጡት፤ ስጡት። ሆስፒታሉ የለም እንዴ?"
"እማማ፣ ሚኒስትሩ ይቆይ ብለዋል።"
"ማን? ያ ጭኔ ላይ ሲሸና ያደገው?"

አርብ፣ ማርች 15
አለፈ። ስድስት ቀን ሽያጭ፣ እሁድ ስጦታ ለሆስፒታል። ሚኒስትሩ ሐሳቡ የመጣለት ሲጸልይ እንደሆነ ለጋዜጠኞች ተናገረ። ቴቪታ ጫማውን አየ። እኔ ጣራውን።
አንድ አንቀጽ ጨምረውበታል። እስከ ጁን መጨረሻ መቶ ቤት ካልተመዘገበ ይሰረዛል።

ማክሰኞ፣ ሜይ 14
የተመዘገበው ዘጠኝ ቤት። አንዷ እኔ ነኝ። አንዱ ቴቪታ። በራዲዮ ተናገርኩ፣ ገበያ ወርጄ ወረቀት በተንኩ፣ ትርፉን በሥዕል አስረዳሁ። ሰው በትዕግሥት ያዳምጣል፣ "እናመሰግናለን እትዬ" ይላል፣ ጎደሬውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።
ፈርቻለሁ።

እሁድ፣ ጁን 2
ከስብከቱ በኋላ ፓስተሩ ወረቀት አወጣ። በእኛ አገር በዓመቱ የመባ ቀን የየቤተሰቡ ስም ከሰጠው ገንዘብ ጋር ይነበባል፤ ለዚያ ቀን ብሎ ላሙን የሚሸጥ አለ። ዛሬ የተነበበው ግን ባለፈው እሁድ ለሆስፒታሉ የተሰጠው መብራት ነው! ዝርዝሩን ከድርጅቱ ያስመጡት እማማ ቫሲቲ ናቸው አሉ። የእኔ ቆጣሪ ገና አልተገጠመም።
"የእነ ቴቪታ ቤት፣ አስራ ስምንት ኪሎዋት ሰዓት!"
ምእመኑ አመሰገነ። ከፊቴ ያለችው ሴትዮ ባሏን በክርኗ ጎሸመችው።
"የእኛስ?"
"የእኛ ምን?"
"ዝም በል። ቤት እንነጋገራለን።"

ሰኞ፣ ጁን 3
ቢሮ ስደርስ ሰልፍ። እስከ መንገዱ ድረስ። ሁሉም ባልና ሚስት።

አርብ፣ ጁን 28
የመጨረሻ የሥራ ቀኔ። ሁለት መቶ አስራ ስድስት ቤት። ኬክ ነበር፤ ሚኒስትሩ ቆረሰው።
ቴቪታ የመዝጊያ ሪፖርቱን ይዞ መጣ። "ሰው የተመዘገበበት ምክንያት የሚል ቦታ አለ። ምን ልጻፍ?"
ብዙ አሰብኩ። "የዋጋ ማበረታቻ በል።"
ጻፈ። ሁለታችንም አልሳቅንም።

እሁድ፣ ጁን 30
ጡረተኛ ነኝ። ዛሬ የእኔም ስም ተጠራ።
"ሉሴአኔ... ሁለት።"
ፓስተሩ ወረቀቱን ደግሞ አየው። "አዎ፣ ሁለት።"
ምእመኑ ሳል ሳል አደረገው። ስንወጣ እማማ ቫሲቲ በር ላይ ክንዴን ያዙኝ። "ሁለት?" አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።
ቤት ገብቼ ቀና ብዬ አየሁ። ግቢዬ ያለው ትልቁ የዳቦ ፍሬ ዛፍ ጣራዬ ላይ ያለው ሶላር ግማሹ ላይ አጥልቶበታል። ከሽያጩ የማገኘው ትንሽ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ግድም አልሰጠኝ። ሰው በትርፍ ይነሳል እያልኩ አስራ አንድ ዓመት ጻፍኩ... ማንን አይቼ ነው?
ዛሬ ቅርንጫፍ መቁረጥ አይቻልም። መጋዙን አውጥቼ በር ላይ አስደግፌዋለሁ። ነገ ሰኞ ነው።