ከገዛ ጓሮ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጣቶችሽስ? የኮርንዋል ነፋስ እንደጠናብሽ ከራሴ ጉልበት አውቄዋለሁ። እኔ ከሳሉ በቀር ደህና ነኝ፤ አማልክት ይመስገኑ።

እንዳኮረፍሽ ሰማሁ። በር ቢያንኳኩም አትከፍቺም፤ የማኅበራችን ሎዌና ያመጣችልሽ ሾርባ እንኳ ደጃፍ ላይ ቀዝቅዞ ቀረ አሉ። እታለሜ፣ ሕጉን እኔ አላወጣሁትም። ፀሐይ በምትመለስበት በዓል ለማኅበሩ የሚሰጥ ምግብ ከገዛ ጓሮ የበቀለ፣ በገዛ እጅ የተሠራ ይሁን፤ የሱቅ ያመጣ ዓመት ሙሉ ከእሳቱ ይራቅ ያለችው እናታችን ናት። የበዓሉን ግንድ ለአርባ ዓመት የለኮስሽ አንቺ ይህ ጠፍቶሽ ነው?

የፕሪም ማርማላታሽን ቀምሼ ዝም ማለት እችል ነበር፤ አልክድም። ግን ሁሉም እየላሱ «የሷን እጅ የሚያክል የለም» ሲሉ አንጀቴ አረረ። ዕድሜ ልኬን የሰማሁት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ እየሰማ ጠየቅሁሽ፦

«እትዬ፣ ዘንድሮ ዛፍሽ ስንት ቅርጫት ሰጠሽ?»

ሦስት አልሽ፣ አንገትሽን ደፍተሽ።

«ይሄማ ሱቅ የበቀለ ነው» አልኩ።

በራስሽ ጠርሙስ ገልብጠሽ፣ በራስሽ ጽሕፈት ስሙን ለጥፈሽበት ስለነበር ማንም አላመነኝም። አንቺ ግን መዋሸት አትችዪበትም። «ጣቶቼ ቢላ አልይዝ አሉኝ» አልሽ። ሎዌና ክብሪቱን ከእጅሽ ወስዳ ለእኔ ሰጠችኝ፤ ግንዱን ለኮስኩት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። ኮትሽን አንስተሽ ብቻሽን ቁልቁለቱን ስትወርጂም የተከተለሽ አልነበረም። እኔም አልተከተልኩሽም።

ማክሰኞ ጃጎ ሱቅ ሄጄ ነበር። ዕቃዬን እየጠቀለለ፣ «እህትሽ ለበዓሉ ለመጀመሪያ ጊዜ መጣችልኝ» አለ። «የቱ ማርማላታ ይሻላል ብትለኝ፣ አንቺ በየዓመቱ የምትወስጂውን ሰጠኋት። አጠፋሁ እንዴ?»

አላጠፋህም አልኩት።

ይህን የጻፍኩልሽ ከአንቺ ሌላ የምነግረው ሰው ስለሌለኝ ነው። ለሎዌና አልነግራትም። አንቺም ብትናገሪ የተዋረደች ሴት የቅናት ወሬ ይሉታል እንጂ ማንም አያምንሽም። የከርሞውንም ግንድ የምለኩሰው እኔ ነኝ።

ወረቀቱን እሳት ውስጥ ጣዪው። ሾርባውን ጠጪ፤ አትራቢ። አማልክት ጣቶችሽን ያፍታቱልሽ፣ ቤትሽን ያሙቁልሽ።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ