የጋሽ ጠብታ ፊርማና በላዩ የተጫነው ከርነል

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር አገልግሎት ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እጅ ነሥቼ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና ያ የሚሽከረከረው አዲስ ወንበርዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ በውሃ ጥራት ላብራቶሪ የምሠራ ተንታኝ ስሆን፣ ደሜ ከመፍላቱ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በመመገቢያው በር ላይ የለጠፍኩት ንቄዎት ሳይሆን፣ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ተመላልሼ ሦስቴም ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ስለተነገረኝ ነው።

እንደሚያውቁት የፊታችን ሰኞ ጠዋት የዲሲፕሊን ኮሚቴው የሚቀመጠው፣ እኛ ጋሽ ጠብታ የምንላቸውን አዛውንት ኬሚስት ከሥራ ለማሰናበት ነው። ጋሽ ጠብታ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የከተማውን ውሃ ሲመረምሩ የኖሩ፣ ለጡረታ አራት ወር የቀራቸው ሰው ናቸው። ክሱ «የኮምፒውተሩን ስሌት ነካክተው ከልክ ያለፈ ክሎሪን ወደ ውሃው እንዲገባ አድርገዋል» ይላል። ከሳሹ እርስዎ ነዎት። ስለዚህም ውለታዎን በተራ ቁጥር እያነሣሁ ላመሰግንዎ ተነሥቻለሁ።

1ኛ፣ ስለ ስም አወጣጥዎ። ነገሩ ለራቀው አንባቢ ላስረዳ፦ እኛ ቁጥሮቻችንን የምናሰላው ኖትቡክ በሚባል ገጽ ላይ ሲሆን፣ ከገጹ ጀርባ ሆኖ ስሌቱን የሚሠራው ሞተር ከርነል ይባላል። ላብራቶሪያችን ለዓመታት የተፈተነ የራሱ ከርነል ነበረው። እርስዎ የዛሬ ወር ቅዳሜ አዲስ ከርነል ሲጭኑ፣ --name በሚለው የትእዛዝ አማራጭ የፈለጉትን ስም ሊያወጡለት እየቻሉ የእኛኑ ስም ሰጡት። ማሽኑም የታዘዘውን ፈጸመ፤ የድሮውን ደመሰሰና አዲሱን በቦታው አስቀመጠ። ለአራስ ልጁ የታላቅየውን ስም አውጥቶ፣ ታላቅየውን ከቤት ያስወጣ አባት ከእርስዎ በፊት አላየሁም።

2ኛ፣ --display-name የሚባል ሌላ አማራጭ አለ፤ ሥራው ሰው በስክሪኑ ላይ የሚያነበውን ስም መወሰን ነው። እዚያ ላይ «አዲስ» የምትል አንዲት ቃል ቢጨምሩ ኖሮ ሰኞ ጠዋት ስንገባ ሁላችንም እንነቃ ነበር። እርስዎ ግን «የላብራቶሪ ስሌት» የሚለውን የድሮውን ጽሑፍ እንዳለ ተዉት። እንግዳ እንዳይሰማን አስበው እንደሆነ እግዜር ይስጥልኝ።

3ኛ፣ ስለ ለጋስነትዎ። --user ቢሉ ኖሮ ከርነሉ በእርስዎ አካውንት ብቻ ተጭኖ፣ እርስዎው ሞክረውት፣ ጉዱም ከእርስዎ ጠረጴዛ ሳያልፍ በቀረ ነበር። --prefix ብለውም ለብቻው በሆነ አቃፊ ሊያስቀምጡት ይችሉ ነበር። እርስዎ ግን መልካም ነገር ለብቻዎ መያዝ ስለማይሆንልዎ ለመላው መሥሪያ ቤት አዳረሱት።

4ኛውን ስጽፍ ትሕትናዬ ቢያልቅብኝ ይቅርታዎን እለምናለሁ። በዚያ ሳምንት የሁለት ጣቢያዎች መለኪያ ተበላሽቶ በኖትቡኩ ላይ ቁጥራቸው የሚሞላባቸው ሳጥኖች ባዶ ነበሩ። የድሮው ከርነል ባዶ ሳጥን ሲያገኝ አልተለካም ብሎ ያልፈዋል፤ የእርስዎ ከርነል ግን ዜሮ ብሎ ቆጠረው። አማካዩም ወረደ፤ በውሃው ውስጥ ክሎሪን ያነሰ መሰለ፤ ይጨመር የሚል ወረቀት ታተመ። ጋሽ ጠብታ ወረቀቱን ዝም ብለው አልፈረሙም። እንደ ልማዳቸው በእርሳስ አስልተው ልዩነቱን አገኙና፣ በእነዚያ በሚያማቸው ጉልበቶች ሦስት ፎቅ ወጥተው እርስዎ ዘንድ መጡ። እርስዎም ኮምፒውተር ከእርሳስ እንደሚበልጥ፣ ሲስተሙም ጤነኛ እንደሆነ አስረድተው ፈርሙ አሉዋቸው። ፈረሙ። በማግሥቱ የእህቴ ልጅ ፊቷን ታጥባ ዓይኗን መግለጥ አቅቷት ስትጮህ ያቀፍኳት እኔ ነኝ፤ በየቤቱ እንደ እርሷ ያለቀሱትን ልጆች ቁጥር የጤና ጣቢያው ያውቀዋል። እርስዎ ግን ዓይንዎን በጨው አጥበው፣ በሁለት ጣት እየለቀሙ የሚተይቡትን ሽማግሌ ስሌት ነካካ ብለው ከሰሱ። አንጀቴ አርሯል፤ ይህን ለመደበቅም አልሞክርም።

5ኛ፣ --help የሚባልም አማራጭ አለ። አጭር ነው፤ የቀሩትን አማራጮች አንድ በአንድ ዘርዝሮ ያስረዳል፤ የጠየቀውንም ሰው ለማንም አያሳጣም።

አዲሱ ከርነል በማን አካውንትና በየትኛው ቀን እንደተጫነ ፋይሉ ላይ ተመዝግቧል። ይሁንና ኮሚቴው የኮምፒውተር ነገር ሲገጥመው አስተያየት የሚጠይቀው እርስዎን ብቻ ስለሆነ፣ መዝገቡን ማን ያነብለታል? ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰኞ ጠዋት ኮሚቴው ፊት ቆመው «የጫንኩት እኔ ነኝ» ይበሉ። ሦስት ቃል ነው፤ አማራጭም አያስፈልገውም።

ለጊዜዎ፣ ለትዕግሥትዎና ወደፊት በስማችን ለሚጭኑልን ሁሉ አስቀድሜ እያመሰገንኩ፣ በታላቅ አክብሮት ከወንበርዎ ዝቅ ብዬ የምፈርም፣
የውሃ ጥራት ላብራቶሪ ተንታኝ

ግልባጭ፦
ለዲሲፕሊን ኮሚቴው
ምሳ ለመብላት ለሚያልፍ ሠራተኛ ሁሉ

ማሳሰቢያ፦ ጋሽ ጠብታ ወረቀት የመጣል ልማድ የላቸውም። ያን ዕለት በእርሳስ ያሰሉበትን ወረቀት ትናንት ከመሳቢያቸው አውጥተው ሲሰጡኝ ገልብጬ አየሁት። ከጀርባው በሰማያዊ እስክሪብቶ «ሲስተሙን አይቻለሁ፣ ትክክል ነው፣ ይፈረም» የሚል ጽሑፍ ከነቀኑና ከነፊርማዎ አለበት። ዋናውን ዛሬ ጠዋት ለኮሚቴው ሰብሳቢ በእጃቸው አስረክቤያለሁ፤ ለእርስዎም አንድ ፎቶ ኮፒ ከጸሐፊዎ ዘንድ ተቀምጧል።