ዲ ላይ የነበረው የእማዬ መዝገብ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ይህን የምጽፍልህ በዚያው በአሮጌው ኮምፒውተር ነው። አሁን እንደ ድሮው አያቃስትም። ያን ሊኑክስ የምትለውን ሲስተም ጭኜበታለሁ፤ እኔው ራሴ፣ በገዛ እጄ። "እሰይ፣ በመጨረሻ ሰማሽኝ" ለማለት ግን አትቸኩል። እስከ ታች አንብበህ ስትጨርስ ምን እንደምትል አላውቅም።

ከተኳረፍን ሁለት ዓመት ሆነን። ቀኑን አንተም የረሳኸው አይመስለኝም። እማዬ ዳሌዋ ተሰብሮ ከሆስፒታል በወጣች በሳምንቱ ነበር የደወልከው። መድኃኒት ቤት ሥራዬ ላይ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ውዬ፣ ገብቼ እሷን አገላብጬ፣ አጥቤ፣ ገና ወንበር ላይ ዘጭ ማለቴ ነው። አንተ ደግሞ፣ "ዊንዶውሱ እኮ ከእንግዲህ አይታደስም፤ ሊኑክስ ጫኚበት፤ ነፃ ነው፤ አሮጌ ማሽን ላይ ቀላል ነው፤ እማዬ ስትጽፍ አያስቸግራትም" ትለኛለህ። ደሜ ፈላ። "ለኮምፒውተሩ የምታስበውን ሩቡን ለእናትህ ብታስብ ምን ነበረበት?" ብዬ ጆሮህ ላይ ዘጋሁት።

ከእሷ ጋር በስልኳ እንደምታወሩ አውቃለሁ። ስትደውል እኔ ተነስቼ ማድ ቤት እገባና የታጠበ ሳህን እንደገና አጥባለሁ። ያን ጊዜ ያልገባኝ አንድ ነገር ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ርቀት ሆነህ እጅህ የሚደርስበት ነገር ቢኖር ያ ኮምፒውተር ብቻ ነበር። ያንኑ ይዘህ መጣህ። እኔ ደግሞ የፈለግሁት "ደክሞሻል አይደል?" እንድትለኝ ብቻ ነበር። ሁለታችንም አልተናገርነውም።

ኮምፒውተሩ እየባሰበት ሄደ። ጠዋት ጠዋት እማዬ አብርታው፣ ፊቷን ታጥባ፣ በምርኩዟ እየተጎተተች እስክትመለስ ገና ያንኑ ክብ ነገር ያሽከረክራል። "ከእኔና ከሱ ማን ቀድሞ ይነሳ ይሆን?" እያለች ትስቅበት ነበር። ባለፈው ወር ግን የጻፈችውን ሳያስቀምጥላት ሁለት ጊዜ ጠፋባት። ሁለተኛው ቀን አልሳቀችም።

ምን እንደምትጽፍ ታውቃለህ። በአዋላጅነት ሠላሳ አንድ ዓመት ስትሠራ በእጇ የተቀበለቻቸውን ሕፃናት ሁሉ፣ ከሁለት ሺህ በላይ ናቸው፣ ከማስታወሻ ደብተሮቿ እያየች በአንድ ጣት ወደ ኮምፒውተር ስትገለብጥ አራት ዓመት ፈጀባት። ቀን፣ ሰዓት፣ ክብደት፣ የእናትየው ስም። ገልብጣ የጨረሰችውን ደብተር "ቤት አጣበበ" እያለች ታስጥለኝ ነበር። ወስጄ የጣልኳቸው እኔ ነኝ።

የመድኃኒት ቤቱን ኮምፒውተር የሚጠግንልን፣ ሰው ሁሉ "ሐኪሙ" የሚለው ሰውዬ አለ። ሳማክረው የአንተኑ ቃል ደገመልኝ፤ "ሊኑክስ ብትጭኚበት ገና አምስት ዓመት ይሄዳል" አለ። በፍላሽ አዘጋጅቶ ሰጠኝና፣ "እህቴ፣ ከመጀመርሽ በፊት ያላችሁን ሁሉ ሌላ ፍላሽ ላይ ገልብጪ። ሁሉን ነው የምልሽ" አለኝ።

እሑድ ከምሳ በኋላ፣ እማዬ ጋደም ስትል ጀመርኩ። ፎቶዎቹን ገለበጥኩ፤ "ሰነዶች" የሚለውን አቃፊ ገለበጥኩ። ውስጡን አልከፈትኩትም። የእሷም እዚያ ያለ መሰለኝ። ከዚያ ማሽኑ ጠየቀኝ፤ ከድሮው ጎን ልጫን ወይስ ዲስኩን በሙሉ አጥፍቼ ልጫን?

እውነቱን ልንገርህ፤ ለማንም ያልነገርኩት ነው። ጥያቄው ገብቶኛል። ግን ጎን ለጎን የሚባል ነገር ሰለቸኝ። ሥራ ከማስታመም ጎን፣ የእሷ መድኃኒት ከእኔ የራስ ምታት ኪኒን ጎን። አንድ እንኳ ባዶ፣ ንጹሕ ነገር ማየት አማረኝ። "አጥፋ" የሚለውን ነካሁት።

ሃያ ደቂቃም አልፈጀ። ተነሳ፤ እንዴት ያለ ፍጥነት! የአማርኛ ፊደሉን ሞከርኩት፣ ሠራ። እንደ ልጅ ደስ አለኝ። "እማዬ፣ ነይ እይው!" አልኩ።

መጣች፤ ተቀመጠች፤ መነጽሯን አጠለቀች።

"አማረ። የእኔ መዝገብስ?"

"ሰነዶች ውስጥ ነው፤ አሁን እመልስልሻለሁ።"

"እኔ እዚያ አስቀምጬ አላውቅም። ዲ ላይ ነው። ወንድምሽ ነው ያሳየኝ፤ 'ሲስተሙ ቢበላሽ እንኳ ዲ ላይ ያለው አይነካም' ብሎኛል።"

ዲ ለብቻው ያለ ዕቃ እንዳልሆነ፣ የዚያው ዲስክ ግማሽ እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። እኔ ያወቅሁት ያን ሰዓት ነው። አንተ እንዲተርፍላት ያስቀመጥክበትን ቦታ እኔ አጠፋሁት።

ነገርኳት። መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፣ ጠረገች፣ መልሳ ሳታጠልቅ ተነስታ ሄደች።

ሐኪሙ ሦስት ቀን ታገለ። "በላዩ ላይ ሌላ ተጽፎበታል፤ ይሄን ብቻ ነው ያገኘሁት" ብሎ አንድ ገጽ የተቆራረጠ ጽሑፍ ሰጠኝ። "ሴት፣ ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ።" "መንታ፣ ሁለተኛው ዘገየ።" "እናትየው ደህና።" የማን እናት፣ መቼ፣ የለም። ወረቀቱን ይዤ መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ከደንበኞቻችን አንዷ አየችኝና ወረቀቱ ማዘዣ፣ እኔም መድኃኒቱን ያጣሁ መስሏት አባበለችኝ።

ብትቆጣኝ በተሻለኝ። እሷ ግን ሾርባውን ትጠጣለች፣ ኪኒኗን ትውጣለች፣ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። በአራተኛው ቀን ጠዋት ለሥራ ጫማዬን ሳስር ድንገት፣ "ልጅ ሳይተነፍስ ሲወጣ ምን እንደምናደርግ ታውቂያለሽ?" አለችኝ።

"አላውቅም፣ እማዬ።"

"ማን አጠፋ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጊዜ የለማ። በፎጣ ይጠረጋል፣ ይታሻል፣ ይሞከራል። ማታ ስትገቢ ራትሽን ብዪና እዚያ ነገር ፊት ተቀመጪ። እኔ እናገራለሁ፤ አንቺ ትጽፊያለሽ። እጄ ደግሞ እንደሁ ደክሟል።"

ይኸው ሦስት ሳምንታችን። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት። ቀኖቹና ክብደቶቹ አብዛኞቹ ጠፍተዋል፤ ተስፋም አናደርግም። የምታስታውሰው ሌላ ነው። መብራት የጠፋ ዕለት በእጅ ባትሪ የወለደችው አስተማሪ። ባሏን "ውጣልኝ!" ብላ ወዲያው "የት ሄደ?" ስትል ያደረችው። ያልተረፉትንም ትናገራለች፤ እነሱ በድሮው መዝገብ ውስጥ አንድ መስመር ብቻ ነበሩ። በእነሱ ጊዜ እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሳለሁ። እሷ "ጻፊ" ትለኛለች፤ እጽፋለሁ። እናታችንን በዚህ ዕድሜዬ ገና መተዋወቄ ነው። የድሮው መዝገብ በመጥፋቱ ግን ደስ አለኝ አልልህም። አላለኝም። ሁለት ሺህ ስም ነው የጠፋው።

ይህን ሁሉ ለምን ራሷ እንዳልነገረችህ ብትጠይቀኝ፣ "ያጠፋሽው አንቺ፣ የምትነግሪው አንቺ" ስላለችኝ ነው። ልክ ናት። ስለዚህ፣ ወንድም ጋሼ፣ ያን ቀን ስልኩን ጆሮህ ላይ ስለዘጋሁት ይቅርታ። ስለ መዝገቡም ይቅርታ። ደክሞኛል፤ ግን ደክሞኝ ነው ብዬ ማምለጥ አልፈልግም።

ትናንት አንተ የተወለድክበት ዓመት ላይ ደረስን። ያን ጠዋት ምጧ እየመጣ፣ ወገቧን በአንድ እጇ ይዛ፣ ሌላ ሴት እንዳዋለደች ነገረችኝ። በድሮው መዝገብ ውስጥ የእኛ ልደት አልነበረም፤ የሠራችውን እንጂ የወለደችውን አልቆጠረችም። "ከዚያስ?" አልኳት፤ "እሱስ እንዴት ተወለደ?"

ፈገግ ብላ፣ "እሱን ለራሱ ነው የምነግረው። በስልክ አይሆንም። ሲመጣ እዚህ ይቀመጥና ራሱ ይጻፈው" አለች።

ቦታውን ባዶ ትቼልህ ወደሚቀጥለው ዓመት አልፌያለሁ።

መቼ እንደምትመጣ ጻፍልን፤ ወይም ደውል። እኔ ነኝ የማነሳው።

ታናሽ እህትህ