አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ

ውድ እታለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ስለ ጎረቤቴ ስለ ጋሼ ፍሬን ጠይቀሽኝ ነበር፤ ጡረታ ስለወጡት የአውቶቡስ ሹፌር። የጉልበታቸው እብጠት ቀንሶላቸው አሁን በከዘራ እስከ ደጄ ይደርሳሉ። ልጃቸው እሳቸው ቤት ሆና መንታ ተገላገለች፤ ሁለቱም ሴቶች። አያትየው ታዲያ «አርባ ዓመት ስነዳ ሙሉ አውቶቡስ ተሳፋሪ እንደነዚህ ሁለቱ ጮሆብኝ አያውቅም» እያሉ ይኩራራሉ።

ወደ እኛ ጉዳይ ልምጣ። ረቡዕ የልብ ቀዶ ሕክምና እንዳለሽ ጽፈሽ፣ መጨረሻ ላይ «ሩቅ ነው፣ አትድከሚ» ብለሻል። እታለሜ፣ ሩቅ አይደለም። የትኬት ቢሮዋን ልጅ ጠየቅኋት። ከእኛ ኤርፖርት እናንተ ኤርፖርት ዘጠኝ መቶ አሥር ኪሎሜትር፣ በአየር አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ። እኔ በዚህ ጊዜ አንድ ሽንሽን የተማሪ ቀሚስ ከነዚፑ እጨርሳለሁ። ባሕር ለየን ስንል የኖርነው ለካ የአንድ ቀሚስ መንገድ ነው!

ሩቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ። የዛሬ አራት ዓመት ባለቤትሽ ያረፈ ጊዜ «ትኬት አለቀ» ያልኩሽ ውሸት ነበር። ትኬቱ በእጄ ነበር። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ኤርፖርቱ በር ድረስ ሄጄ፣ አንዱ አውሮፕላን ሲነሳ ሳይ ፈርቼ ተመለስኩ። ያ ትኬት እስከ ዛሬ የስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ክር ባነሳሁ ቁጥር ያየኛል። አንቺ ብቻሽን ለቀስተኛ ስትቀበዪ፣ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ የሰው እጅጌ እተክል ነበር። ይቅር በይኝ።

አሁን ግን ይኸው አሥር ቀኔ፣ እየተለማመድኩ ነው። ወንበሬን መስኮቱ ሥር አስጠግቼ፣ ወገቤን በቀበቶ አስሬ፣ ሰዓት ከፊቴ አስቀምጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሰማይ ላይ ነኝ እላለሁ። የመጀመሪያው ቀን በሃያ ደቂቃ ተነሳሁ፤ ላብ በላብ ሆኜ። ጋሼ ፍሬን «አውሮፕላን እንዲህ ነው የሚንጥ» ብለው ወንበሩን ከኋላ ሲወዘውዙት እሳቸውም እኔም ልንዘረር ነበር። ትናንት ሙሉውን ጨረስኩ። አትሳቂ። ኧረ ሳቂ ይልቅ፣ ለልብሽም ጥሩ ነው።

ትኬቱን ቆርጫለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ነው። ብፈራም እመጣለሁ። ረቡዕ ወደዚያ ክፍል ሲያስገቡሽ፣ እጅሽን መጨረሻ ላይ የምለቀው እኔ ነኝ።

ቅድም ጋሼ ፍሬን መጥተው ነበር። ገና ከመግባታቸው እጃቸውን ዘርግተው «ሰኞ ስትወጪ የቤትሽን ቁልፍ ለእኔ» አሉኝ።

«አበባዬን ሊያጠጡልኝ?»

«የምን አበባ! ያን ጊዜ ሻንጣሽን እየጎተትሽ ስትመለሺ በመስኮት አይቼሻለሁ።»

ክው አልኩ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

«እህትሽ ራሷ ደውላ ‹ደርሳልኛለች› ካላለችኝ ይህ በር አይከፈትልሽም፤ ከመንትዮቹ ጋር ታድሪያለሽ!» ብለው፣ ከዘራቸውን መሬቱ ላይ መታ አድርገው ወጡ። ስልካቸውን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሻለሁ።

ከእንግዲህ ከበር የማትመለሰው
ታናሽሽ