በልክ ደብተሩ ጀርባ የተጻፈ የማንጎ ፓይ

ሰኞ፣ ግንቦት 24 ቀን 2001

ዛሬም አልበላም አለች። አለምነሽ ከባሕር ዳር ደውላ "አያ ስማቸው፣ ሾርባውን ሁለት ማንኪያ ቀምሳ ገፋችው" አለችኝ። አለምነሽ የሚስቴ የየሺ ታናሽ እህት ናት፤ ሆስፒታል አብራት ሆና የምታስታምማት እሷ ናት። የሺ ሆዷን ቀዶ ጥገና ከተደረገላት ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኗ ነው። ሐኪሙ ቁስሉ ደህና ነው ብሏል፤ ግን ካልበላች ከየት ጉልበት አምጥታ ትቆማለች ይላል።

ስልኩን ለእሷ እንድትሰጣት ለመንኳት። የየሺ ድምፅ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። "ሰማያዊ ቀሚሴን ለአለምነሽ ስጣት" አለችኝ። "ድስቶቹን ለጎረቤታችን ለእትየ ደጊቱ።" ባለፈው ሳምንት ጋቢዋን ነበር ያወረሰችው። እንዲህ እየከፋፈለች ቤቱን ልትጨርሰው ነው። አላለቀስኩም፤ ተናደድኩ። "እሱን ተይና ምን ቢሰጡሽ ትበያለሽ?" አልኳት፣ ቆጣ ብዬ። ቆይታ "ያች የነርሷ የማንጎ ፓይ ብትኖር" አለች። ሳቅ የመሰለ ነገርም ሰማሁ።

የሺ በልጅነቷ ቡሬ ላይ አንዲት ፈረንጅ ነርስ ቤት ትሠራ ነበር። ስለዚያች ፓይ በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራችን ስንት ጊዜ እንዳወራችኝ አላውቅም። ከታች ስስ ሊጥ፣ መሀሉ ማንጎ፣ ከላይ እንደ ሰፌድ የተጠላለፈ ሊጥ። እኔ ሰምቼ አለፍኩ እንጂ አንድ ቀን እንኳ ላቅምስሽ ብዬ አላውቅም።

"ስትመጪ ታገኛታለሽ" አልኳት።

ይኸው ወንድ ቃሉን ሰጠ። ይህን የምጽፈው የደንበኞች ልክ በምመዘግብበት ደብተር ጀርባ ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሱሪና ኮት ሰፍቻለሁ። ሻይ እንኳ በቅጡ አላፈላም።


ማክሰኞ፣ ግንቦት 25

ቅዳሜ ትወጣለች ብሏል ሐኪሙ። አራት ቀን አለኝ።

የሚያስፈልገኝ፦ ፉርኖ ዱቄት (አለ)። ማንጎ (ጓሮ ያለው ዛፍ ጎንበስ ብሏል)። ስኳር (አለ)። ቅቤ (የሺ በማሰሮ ያስቀመጠችው አለ)። ምድጃ፣ ያ የፈረንጅ ዓይነቱ (የለም)። እውቀት (የለም)።

አሠራሩን እንድትነግረኝ ደወልኩላት። "ትቀልዳለህ" አለች። አልቀልድም ስላት እያሰበች ትነግረኝ ጀመር። ቅቤው ከዱቄቱ ጋር በጣት ጫፍ ይፈተጋል፣ ፍርፋሪ እስኪመስል። ከዚያ ጥቂት ውሃ። ከዚያ ይዳመጣል። ማንጎው በስኳር ይለወሳል፣ ሎሚ ጠብ ይደረግበታል። ከዚህ በላይ ስታወራ ደከማት። ግን አለምነሽ በኋላ ደውላ ምን አለችኝ? ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግማሽ ሙዝ በላች። ግማሽ ሙዝ! ደስታዬን የሚያይ ሰው ስላልነበረ ለራሴ ሁለት ጊዜ ነገርኩት።


ረቡዕ፣ ግንቦት 26

የመጀመሪያዋ ፓይ ዛሬ ተወለደች፤ ዛሬውኑ ሞተች።

በዓለ ኃምሳ ነውና ረቡዕም ቢሆን ቅቤ አይከለከልም ብዬ ከየሺ ማሰሮ ጨልፌ ፈተግሁት። ሊጡ ጥሩ መሰለኝ። በጠርሙስ ዳመጥኩት፣ በሜትር ለካሁት፣ በመቀሴ ዙሪያውን ቆረጥኩት። እስከዚህ ድረስ ሙያዬ ነው። ማንጎውን ሞላሁና በብረት ድስት ከድኜ ከሰል ላይ ጣድኩት።

ሽታው ሲመጣ ግራ ገባኝ። የፋሲካ ሌሊት የሚሸት ነገር ነው የሸተተኝ። ጎረቤታችን እትየ ደጊቱ በአጥር በኩል "አንተ ስማቸው፣ ዶሮ አረድህ እንዴ?" ሲሉ ነው የገባኝ። ማሰሮው ውስጥ ያለው ንጥር ቅቤ ነው። ኮሰረቱ፣ ኮረሪማው፣ አብሹ ሁሉ እዚያው ነው። የዶሮ ወጥ የሚሸት ማንጎ ሠርቻለሁ።

እትየ ደጊቱ ገብተው አዩት። ሰባ ዓመት የሞላቸው ባልቴት ናቸው፤ አያፍሩም። ቀመሱት፣ ጥቂት አላመጡ፣ "እንጀራ አለህ?" አሉኝ። ከዚያም ከማድ ቤት እንድወጣ ነገሩኝ። ወንድ ወደ ችሎት ሴት ወደ ማጀት ሲባል አልሰማህም ወይ አሉ። እኔም፣ ችሎት ምን ሥራ አለኝ፣ የተከሰስኩት እዚሁ ማጀት ነው አልኳቸው። አልወጣሁም።


ሐሙስ፣ ግንቦት 27

ከገበያ ለጋ ቅቤ ገዛሁ። ሻጯን "ያልተነጠረ ነው?" ብዬ ሦስት ጊዜ ስጠይቃት "ለራስህ ልትቀባው ነው?" አለችኝ። ፀጉሬን ተላጭቻለሁ፣ ምኑን እቀባዋለሁ።

የፍኖተ ሰላም ሙቀት ለዚህ ሥራ አይመችም። ቅቤው እጄ ላይ ቀለጠ፣ ሊጡ ላላ፣ ሳነሳው ከመሀል ተቀደደ። ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ። ለጠፍኩት። ልጥፉ ላይ ሌላ ልጥፍ። ቀድሞ የሰፋሁትን ኮት ሁሉ በአንድ ቀን የሚያሳፍር ሥራ ነበር። እሳት ላይ ስጥደው ደግሞ ከታች አረረ፣ ከላይ ጥሬ ሆኖ ቀረ።

የልብስ ስፌቴን ትቼ ቀኑን ሙሉ በዱቄት ተለውሼ ስውል፣ ልኩን ሊሰጥ የመጣ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ አየኝና ዞሮ ሄደ። ነገ ከተማው ሁሉ ይሰማዋል። ይስማ።

ወደ ማታ እትየ ደጊቱ ያረረውን ድስት ለማየት መጡ። ሊስቁ ነው ብዬ ጠበቅሁ። "ለማን ነው ይህን ሁሉ የምትሆነው?" አሉኝ። የሺ አልበላም ማለቷን፣ ድስቶቿን እንኳ ለእሳቸው መናዘዟን ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አደገደጉና "ድስቷን አልፈልግም" አሉ። "ድፎ ሲጋገር አይተህ አታውቅም? እሳቱ ከላይ ይበዛል፣ ከታች ያንሳል። ከሥርም ኮባ ይነጠፋል። ነገ ጧት እመጣለሁ።"


ዓርብ፣ ግንቦት 28

ሆነ! ሆነ! ሆነ!

ቅቤውን በብርጭቆ አድርጌ ሌሊቱን እንስራው ውሃ ውስጥ አሳደርኩት። ሲነጋ ጠንክሯል። ቶሎ ቶሎ ፈተግሁት። እትየ ደጊቱ ኮባውን ለብ ለብ አድርገው ድስቱ ውስጥ አነጠፉ፣ በላዩ የቆርቆሮ ክዳን ገጥመው ፍሙን ክዳኑ ላይ ደረደሩት። ከታች ሦስት ፍም ብቻ። እኔ ሌላ ሁለት ልጨምር ስል "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ብለው እጄን መቱኝ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እጄን ሰው ከመታኝ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

ክዳኑ ሲነሳ ከላይ ያጠላለፍኩት ሊጥ ወርቅማ ሆኖ፣ ማንጎው በቀዳዳዎቹ መሀል ቡልቅ ቡልቅ ይላል። እትየ ደጊቱ ቆርሰው ቀመሱ። አላመጡ። "እንጀራ አልፈልግም" አሉ።

ከዚያ አለምነሽ ደወለች። ቁስሉ ትንሽ እርጥበት አሳይቷል፣ ማክሰኞ እንጂ ቅዳሜ አትወጣም። የሺን አናገርኳት። ፓይዋ ሆነች ስላት "ለማን?" አለች። ለአንቺ ነዋ። "እስከ ማክሰኞ እግዜር ያውቃል" አለች። ይህን ቃል አልወደድኩትም። ፓይዋን እትየ ደጊቱ ይዘዋት ሄዱ። እኔ አልቀመስኳትም።


እሑድ፣ ግንቦት 30

ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ!

ዛሬ ጰራቅሊጦስ ነው። ቅዳሴ ሲወጣ የነፍስ አባታችን አባ ይትባረክ "እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ጾመ ሐዋርያት ይገባል" ሲሉ ነው ደንግጬ የቆምኩት። ሃምሳውን ቀን እየበላሁ መጨረሻ እንዳለው ረሳሁ። ቅዳሜ ብትመጣ ኖሮ ቅቤውም ፓይዋም ትክክል ነበር። ማክሰኞ ግን ጾም ነው።

አባን ተከትዬ ደጀ ሰላሙ ጋ አስረዳኋቸው። "የታመመ ጾም የለበትም፣ እኔ ፈትቻታለሁ፣ ትብላ" አሉ። እየሮጥኩ ደወልኩ። የሺ ሰምታ ሰምታ "አንተ፣ የሐዋርያትን ጾም የምፈታው በፓይ ነው?" አለችኝ። አባ ፈቅደዋል ብላት፣ "እሳቸው ቢፈቅዱ እኔ ለራሴ አልፈቀድኩም" አለች። የሰኔን ጾም የቄስ ጾም ነው እያለ የሚያልፈው ብዙ ሰው ነው። የሺ ግን ከልጅነቷ አንድም ቀን ገድፋ አታውቅም። አሁን፣ አጥንቷ ብቻ ቀርቶ፣ መግደፍ ልትጀምር ነው እንዴ።

ተቆጣሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አንድ ነገር ታሰበኝ። ለመሞት የተሰናዳ ሰው ስለ ሰኔ ጾም እንዲህ አይሟገትም። እንደ ድሮዋ ነው የመለሰችልኝ።

ስለዚህ ቅቤ የሌለባት ፓይ። ነገ አንድ ቀን ብቻ አለኝ።


ሰኞ፣ ሰኔ 1

በዘይት።

የመጀመሪያው፦ የኑግ ዘይት። ጠቆረ፣ ጎመዘዘ። ማንጎውን ዋጠው።

ሁለተኛው፦ የሱቅ ዘይት። ሽታው ደህና ነው፣ ሊጡ ግን ሲበስል የጫማ ሶል ሆነ። እትየ ደጊቱ ቢላ አንስተው ሊቆርጡት ሞከሩና "መጋዝ አምጣ" አሉ።

መብራት በፈረቃ ስለሆነ ስልኬ ሞቷል፤ የሺን መጠየቅም አልቻልኩም። የስፌት መኪናዬ ፊት ተቀምጬ አሰብኩ። ምኑ ነው የተለየው? በቅቤ ስሠራ ይቀልጥብኛል ብዬ ስለምፈራ ቶሎ ቶሎ ነው የነካሁት። በዘይት ጊዜ የሚቀልጥ ነገር ስለሌለ እንደ ዳቦ ሊጥ ግማሽ ሰዓት አሸሁት። እትየ ደጊቱም "እሸው፣ እሸው" ይሉኝ ነበር፤ ድፎ የሚወደው እሱን ነዋ። ሐርም እኮ እንዲሁ ነው። ብዙ ከዳሰስከው ይሞታል።

ሦስተኛው፦ ዘይቱን ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር መትቼ ዱቄቱ ላይ አፈሰስኩ፣ በሹካ ሰበሰብኩት፣ አላሸሁም። እትየ ደጊቱ "ይህ ሊጥ አልተቦካም" ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ስኳሩን ትቼ ማር አደረግሁበት። በሰላም ወጣ። ሲቆረስ ፍርክስክስ አለ። እትየ ደጊቱ ሳይጠሩ ዞሩ።

ነገ ጧት ትኩሷን እንደገና እጋግራለሁ። እጄ ላይ ሁለት ቦታ ተቃጥያለሁ። መርፌ መያዝ ያመኛል፤ ግድ የለም።


ማክሰኞ፣ ሰኔ 2

መጣች።

ከሚኒባሱ ስትወርድ አለምነሽ በአንድ በኩል፣ እኔ በአንድ በኩል ያዝናት። በቀሚሷ ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም። ልኳን በዓይኔ አውቀዋለሁ፣ ዕድሜ ልኬን ሰፍቼላታለሁ። ይህ የማንም ልክ አይደለም።

ፓይዋን ሳሳያት ብዙ አየቻት። ጥልፍልፉን በጣቷ ተከተለችው። "በሜትር ለካኸው አይደል?" አለች። ለክቻለሁ። ከዚያ ስንት ሰዓት ነው አለች። አምስት ተኩል ነው። "እንግዲያ ይቆይ፤ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ይሁን።" መድኃኒቷን መዋጥ አለባት፣ ባዶ ሆዷን ነው፣ ሦስት ሰዓት መንገድ ተንገላታለች። አለምነሽ ልትናገር ስትል በዓይኔ ከለከልኳት። ተቀመጥን። እኔ ሰዓቱን አያለሁ፣ የሺ ፓይዋን ታያለች፣ እትየ ደጊቱ እኔን ያያሉ። እንዲያ ያለ ረጅም ግማሽ ሰዓት አልፎብኝ አያውቅም።

ስድስት ሲሆን አማተበች። ትንሽ ቆረሰች። ዋጠች። ሌላ ቆረሰች። ቁራጯን ጨርሳ ሳህኑ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ በጣቷ ለቀመች።

"የነርሷን ትመስላለች?" አልኳት።

"አትመስልም" አለች። "የሷ ቅቤ ነበረበት። ሐምሌ አምስት ጾሙ ሲፈታ በቅቤ ትሠራልኛለህ።"

ሐምሌ አምስት አለች። ከአፏ ከዛሬ የራቀ ቀን ከሰማሁ ወር አልፎኛል። እኔ ውሃ ላመጣ ብዬ ወደ ማድ ቤት ሄድኩ። አለቀስኩ እንግዲህ። እትየ ደጊቱ ተከትለውኝ መጡና ጭሱ ነው ብለው ለራሳቸውም ዓይናቸውን ጠረጉ። እሳት አልነበረም።


ረቡዕ፣ ሰኔ 3

ሌሊት አሟት ነበር። ሆዷን ትንሽ ቆረጣት፣ ከዚያ ተኛች። ሐኪሙ በጥቂቱ ትለምዳለች ብሏል። ፈራሁ፤ አሁንም እፈራለሁ። ግን ከስድስት ሰዓት በኋላ ግማሽ ቁራጭ በላች፣ ሽሮም በላዩ።

ከሰዓት አለምነሽ ወደ ቤቷ ልትሄድ ስትሰናዳ፣ የተናዘዘችላትን ሰማያዊ ቀሚስ ከሳጥን አውጥቼ አጠፍኩት። የሺ ከአልጋዋ አይታኝ "እሱን ወዴት ነው?" አለች። ስጣት አላልሽም ወይ ስላት፣ እህቷን ቀና ብላ አየቻትና "ለሷ ሌላ ስፋላት" አለች። "እሱን ከጎኑ አጥብብልኝ። ለሐምሌ አምስት እለብሰዋለሁ።" አለምነሽ ቀሚሱን ከእጄ ተቀብላ እህቷ እግር ሥር አስቀመጠችው።

ሜትሬን አምጥቼ ለካኋት። ደብተሩን ከፊት በኩል ገለጥኩት፣ የደንበኞቹ ልክ ካለበት። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ። የሁሉንም ሰው ልክ በእስክሪብቶ ነው የምጽፈው። የየሺን በእርሳስ ጻፍኩት።

ሳጠብበው የተረፈውን ጨርቅ አልቆረጥኩም። ወደ ውስጥ አጥፌ በሰፊው ተውኩት፣ ስትወፍር ይለቀቃል።